ዶክተር ኑሮ እና የሁለት ወንድማማቾች ሱሪ

ሳይጠየቅ የሚመክር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ የደረሱን ልብስ ሰፊው ናቸው፤ በሌሉበት ዶክተር ኑሮ እንላቸዋለን። ከሌላው መካሪ የሚለዩት ማምለጫ ባለመስጠታቸው ነው። ሜትር ደረትህ ላይ ጠምጥመው፣ ስፒል በጥርሳቸው ነክሰው ሲመክሩህ ወዴት ትሄዳለህ?

“ስማኝማ ልጄ” ብለው ከጀመሩ አለቀልህ። እየራበህ ገበያ አትውጣ፣ ተናደህ ስልክ አታንሳ፣ ከአማትህ ጋር አንድ ግቢ አትኑር ይላሉ። እሳቸው የሚኖሩት ከአማታቸው ጋር ነው። ጎረቤቴ እጅጌ ልታሳጥር ገብታ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ጨው ተመክራ ወጣች። እጅጌው ግን እንደረዘመ ነው።

እኔንማ ቁም ስቅሌን አሳይተውኛል። የአባታችን ቤት ይሸጥ አይሸጥ በሚል ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተኮራርፈን ሰላምታ እንኳ ትተናል። ልታገባ የደረሰችው እህታችን ደግሞ አብራችሁ ካልሸኛችሁኝ ሰርጉ ይቅርብኝ ብላ ታለቅሳለች። ዶክተሩ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ የሁላችንንም ልብስ የሚሰፉት እሳቸው ናቸው።

ሰርጉ ሲቃረብ ሱፌን ልለካ ሄድኩ። ክቡርነታቸው ሱሪዬን አስወልቀው ከመጋረጃው ጀርባ አስገቡኝ። ወንድሜ እዚያ ተቀምጧል፤ እሱም ያለ ሱሪ። ዶክተሩ ያገኙትን ሱሪ ሁሉ ታቅፈው፣ ተኩሼ ልምጣ ብለው ወጡ። ካውያው ግን እኛው አጠገብ ነበር።

መጀመሪያ ሁለታችንም ግድግዳ ግድግዳውን አየን። ኩርፊያ ለካ ሱሪ ይፈልጋል፤ እግርን አጋልጦ መኮሳተር አይሆንም። ዓይኔ ወንድሜ ጉልበት ላይ አረፈ። ልጅ ሆነን ከዛፍ ስወድቅ ሊቀልበኝ ሮጦ የቆሰለበት ጠባሳ አልጠፋም።

“አሁንም ያምሃል?” አልኩት።

“ሲበርደኝ ነው” አለ። የተጋለጠ እግሩን አየና፣ “ለምሳሌ ዛሬ።”

ሳቅን። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብን። የቤቱን ነገር ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን፣ እህታችንን ግን አብረን እንሸኛለን ተባባልን።

ዶክተር ኑሮ ሲመለሱ ምክሩ ይወርዳል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ሱሪዎቹን አቀበሉንና ፊታቸውን አዞሩ። የሰጡን አቀያይረው ነበር። እንዳይከፋቸው ብለን፣ ወንድሜ ቁርጭምጭሚቱ እየታየ፣ እኔ መሬት እየጠረግኩ፣ ለብሰን አብረን ወጣን።