የእድር ጡሩምባ በጠራራ ፀሐይ

“አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው?” ቢሏት፣ “አፍ ያለው ያግባኝ፤ ከብት ያለውን ነድቶ ያመጣው የለም ወይ!” አለች አሉ። ልጅቷ ብልጥ ናት፣ አልፈርድባትም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ከብትም የሌለው፣ አፉም የሚይዘው ሰውዬስ ማንን ያግባ? ስለ እሱ ተረቱ ትንፍሽ አይልም። እኛ አገር አፍ ያለው ሽማግሌ ሆኖ ይላካል፣ አፍ ያለው ነገረ ፈጅ ይሆናል፣ አፍ ያለው በሰው ድግስ ላይ ገብቶ ባለቤቱን “ብላ እንጂ!” እያለ ያስተናግዳል። አፉ ትንሽ የሚይዘውን ግን ገና “እ...” ሲል እናዝንለታለን፣ ቀጥለን እንስቅበታለን፣ በመጨረሻም እንረሳዋለን።

እስቲ ከጥንስሱ እንየው። ሕፃን ተወልዶ ካላለቀሰ እናቱ ታለቅሳለች። ሁለት ዓመት አልፎት አልናገር ካለ ጎረቤቱ በሙሉ ሐኪም ይሆናል፤ አንዷ “ከምላሱ ሥር ያለችው ክር ትቆረጥለት” ትላለች፣ ሌላዋ ጸበል ታዛለች፣ ሦስተኛዋ “ተዉት፣ አባቱም እንዲህ ነበር፣ ዛሬ ማን ያስቆመዋል!” ብላ አባትየውን በነገር ትወጋለች። ትምህርት ቤት ገብቶ “ረ”ን “ለ” ካለ ኮልታፋ የሚል ስም ይወጣለትና እስከ ሽበቱ ይከተለዋል። ሲያረጅ ደግሞ ጆሮው ይደክማል፤ እንጮህበታለን፣ ስንጮህበት ይቆጣል፣ ሲቆጣ “ጃጅቷል” እንላለን። ደም ግፊት የጣለው ሰው ግማሽ አካሉ ከግማሽ ቃሉ ጋር ይሄድበትና፣ ልጆቹ አልጋው አጠገብ ቆመው “አይሰማም እኮ” እየተባባሉ ስለ ውርስ ያወራሉ። ይሰማል እንጂ! አንድ ሳይቀር ይሰማል። መመለሱ ነው ያቃተው።

እኔ የማወራችሁ ነገር የሆነው ደግሞ በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ አፉ ደህና የሆነው ሰውም አፉን ይፈራ ነበር። “ዝም አይነቅዝም” የሚለው ተረት እንደዚያ ዘመን ሠርቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ እየመረጠ፣ እየዋጠ፣ ግራ ቀኙን እያየ ስለሚናገር፣ ከሩቅ ላየን ሰፈሩ በሙሉ የሚንተባተብ ነበር የምንመስለው። በእውነት የሚንተባተበው ግን አንድ ሰው ነው፤ ጎረቤቴ ጋሽ ደበበ።

ጋሽ ደበበ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሚስቱ የሞተችበት አናጢ ነበር። አንዲት ቃል ለማውጣት ዓይኑን ይጨፍናል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ቀኝ እግሩ መሬቱን ይመታል። ቃሏ ግን ጉሮሮው ላይ እንደ ግትር በቅሎ ቆማ አልሄድም ትላለች። እኛ ደግሞ ደግ ነን አይደል? እናግዘዋለን። እሱ ይጀምራል፣ እኛ እንጨርስለታለን። አንድ ምሽት መብራት ሲጠፋ ሻማ ሊገዛ ሱቅ ሄዶ “ሻ... ሻ...” ቢል፣ ባለሱቁ “ሻይ ቅጠል!” ብሎ አስጨበጠው። ከመከራከር መክፈል ይቀላል ብሎ ከፍሎ ወጣ። ያን ቀን በጨለማ ሻይ ሲጠጣ አመሸ። ቤቱን ብታዩት ኖሮ ያልፈለገው ነገር ሁሉ መደርደሪያው ላይ ሞልቶ ነበር።

ትዕግሥት የላቸውም እንዳትሉን ደግሞ፣ አለን። እኛ ቦሌ ሚካኤሎች አውሮፕላን ማረፊያው አፍንጫችን ሥር ነው። አውሮፕላን ሲነሳ አንዳንዱ አፉን እንደከፈተ፣ አንዳንዷ ጣቷን እንደቀሰረች ጸጥ ብለን እንጠብቃለን፤ ካለፈ በኋላ ወሬያችንን ካቆምንበት እንቀጥላለን። አልቃሽ እንኳ ሙሾዋን ገታ አድርጋ ታሳልፈዋለች። ለአውሮፕላን የማንሰስተውን ትዕግሥት ነው ለደበበ የነፈግነው።

አሁን ስሙኝማ፤ ይህ ሰው የእድራችን ለፋፊ ነበር! እንዴት ሆኖ አትሉም? የድሮው ለፋፊ የታመመ ጊዜ አማራጭ ጠፍቶ ጡሩምባውን ያዘ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ “ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!” የሚል ድምፅ ሰፈሩን ሲሰነጥቀው ማን እንደሆነ ለማየት ሁላችንም በመስኮት ብቅ አልን። የሟች ስም፣ የቀብር ሰዓት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ስም፣ ሁሉም በዜማ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይደናቀፍ ወረደለት። ኋላ አንድ የማውቀውን ጤና መኮንን ብጠይቀው፣ “በዜማ የሚወጣ ቃልና ለወሬ የሚወጣ ቃል መንገዳቸው ለየቅል ነው፤ ብዙ ተብታባ ሲዘፍን ወይም ሲቀድስ አይንተባተብም” አለኝ። ይሁን። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ጋሽ ደበበ ሲለፍፍ የሚያቋርጠው ሰው የለም። የሞት ወሬ ማን ደፍሮ ይጨርስለታል?

ከሚስቱ የተረፈችው አንድ ልጅ ናት፤ ታምሩ። “ናት” ያልኩት በፍቅር ነው እንጂ ታምሩስ ወንድ ነው፤ ያውም በአሥራ ስድስት ዓመቱ የበሩን ጉበን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ። የአባቱን ቃል የማይጨርስ አንድ ሰው በሰፈሩ ቢኖር እሱ ነበር። አባቱ ሲጀምር እጁን አጣጥፎ ይቆማል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ይኸው ነው። ሁለቱ ማታ ማታ በግድግዳው በኩል ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ጋሽ ደበበ ከልጁ ጋር ሲሆን የሚንተባተበው በግማሽ ነበር።

ያ ቁመቱ ነው ጉድ የሠራው። የብሔራዊ ውትድርና ኮታ አልሞላም ተብሎ ቀበሌው ወጣት በሚለቅምበት ሰሞን፣ ታምሩ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ያዙት። እኔ በዚያ ሰዓት ቀበሌ ግቢ ውስጥ ሕብረት ሱቁ በር ላይ የስኳር ሰልፍ ይዤ ነበር። ልጆቹን አዳራሹ ውስጥ ዘግተውባቸዋል፤ የጭነት መኪናው በሩ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ጓድ ሊቀመንበር በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አስወጥቶ “አቤቱታ ያለው ይቅረብ” ብሏል። ጋሽ ደበበ መጋዝ እንደያዘ፣ ጸጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ እየሮጠ መጣና ቆመ።

“ጓድ ሊ... ሊቀመንበር፣ ል... ልጄ...”

“ልጅህ ምን ሆነ?”

“ያ... ያል... ያል...”

ያልደረሰ ነው ማለት የፈለገው። ዕድሜው ያልደረሰ። ሰልፉ ላይ ያለን ሴቶች ሁሉ አውቀነዋል። ሊቀመንበሩ ግን ሰዓቱን አየና እንደ ማናችንም ደግ ሆኖ ጨረሰለት።

“ያልተሰናበትከው? ይኼማ መብትህ ነው! ጓድ፣ አምስት ደቂቃ ይገናኙ። ቀጥል!”

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጁ እኮ ገና...” ብዬ ከሰልፉ አንድ እግሬን አወጣሁ።

“ባለጉዳይ ነሽ?”

“ጎረቤት ነኝ።”

“ሰልፍሽን ያዢ። አባቱ አፍ አለው።”

ያዝኩ። ምን ላድርግ? ጠመንጃ የያዘው አብዮት ጥበቃ እያየኝ ነው። አባትና ልጅ አዳራሹ በር ላይ ተገናኙ። ጋሽ ደበበ ዓይኑን ጨፈነ፣ እግሩ መሬቱን ይመታል፣ ቃል የለም። ታምሩ እንደ ልማዱ እጁን አጣጥፎ፣ “ቀስ በል አባዬ፤ እጠብቅሃለሁ” አለው። ይህን ሲለው የሰማሁ ዕለት ያለቀስኩት ለቅሶ እናቴ የሞተች ጊዜም አልወጣኝም። ደቂቃዋ አለቀችና ልጁን መለሱት። ጋሽ ደበበ አንገቱን ደፍቶ ከግቢው ወጣ። ቤቱ ገብቶ ሊያለቅስ ነው ብለን ወደ ሰልፋችን ዞርን።

ብዙም ሳይቆይ ጡሩምባ ተነፋ። ጡሩምባ የለመድነው ጎህ ሲቀድ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ከተነፋ ድንገተኛ ነው ማለት ነው።

“ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የእድራችን አባል አናጢው ደበበ ዛሬ አርፏል! ቀብሩ አሁን ነው፣ ቦታው ቀበሌ ግቢ! ድንኳን ይዘህ፣ አግዳሚ ይዘህ ውጣ! የቀረ ይቀጣል!”

“ውይ ደበበ!” ብላ ከፊቴ የቆመችው ወይዘሮ ስንዱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን መታች። ሰልፉ በሙሉ ተከተላት። አሁን በእግዜር፣ ሰውዬው እፊታችን ቆሞ ከሄደ ገና ላቡ አልደረቀም! ድምፁም የራሱ ድምፅ ነው! ግን የለፋፊን ድምፅ ማን ልብ ይላል? ጆሯችን የሚፈልገው የሟቹን ስም ብቻ ነው። “አሁን ያየሁት ሰውዬ!” አልኳት። “ድንገተኛ ነዋ!” አለችኝ እያለቀሰች።

እድር ደግሞ ሲጠራ አይዘገይም። የድንኳን ቋሚ የተሸከመ፣ አግዳሚ ወንበር በሁለት የያዘ፣ ድስት ያንጠለጠለች፣ ጋቢውን ያጣፋ፣ ሁሉም በግቢው በር ተግተልትሎ ገባ። አግዳሚዎቹ በሩ ላይ ተከመሩ፤ መኪናው መውጫ አጣ። ከሁሉም በኋላ የእድሩ ዳኛ ባሻ ወልዴ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ደረሱና፣ “አስከሬኑ የታለ?” አሉ።

ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። ጋሽ ደበበ ጡሩምባውን ይዞ በመሃል መጣ። አንዳንዷ ጮኸች፣ አንዳንዷ አማተበች። እሱ ዜማውን አልለቀቀም።

“አስከሬኑ እኔ ነኝ! አንድ ልጄን ሊጭኑት ነው! አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው! በቡሄ ሰሞን ተወለደ፣ ሚካኤል ተጠመቀ፣ ድግሱን በልታችኋል! የሰማህ ላልሰማ አሰማ፣ የበላህ መስክር!”

መስክር ሲባል ማን ይቀራል! “ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ!” አለች ወይዘሮ ስንዱ እንባዋን በአንድ እጇ እየጠረገች። “ከኔ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ነው!” “ቁመቱ የእናቱ ወገን ነው እንጂ...” ግቢው አንድ ላይ ተንጫጫ። ዓመት ሙሉ የተዋጠ ንግግር ሁሉ ያን ቀን ሳይወጣ አልቀረም።

ጓድ ሊቀመንበር ተነስቶ ጠረጴዛውን ደበደበ። “ይህ ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው!”

“ስብሰባ አይደለም ጓድ፣ ቀብር ነው” አሉ ባሻ ረጋ ብለው። “ለቀብር ፈቃድ አንጠይቅም።” ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኔ ግን ሰማሁ፣ ጆሮዬ ለዚህ ነው የተፈጠረው። “አንተም እድርተኛ ነህ ልጄ። ክፉ አይንካህና፣ ያንተ ቀን ሲመጣ ማን ይለፍፍልህ?”

አብዮተኛም ይሞታል፤ ይህን ያስታወሰው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ፣ “ዕድሜው እስኪጣራ ይቆይ” ብሎ ታምሩን አስወጣው። እስከ ዛሬ እየተጣራ ነው መሰለኝ።

ሌሎቹ ልጆች ግን ሄዱ። አግዳሚዎቹን ራሳችን አንስተን ለመኪናው መንገድ ለቀቅን። ይህን ሳልናገር ብስቅ ነውር ይሆንብኛል። ከእነሱም መሃል ዕድሜው ያልደረሰ ይኖር ይሆናል፤ የሚለፍፍለት አላገኘም።

በሚቀጥለው እሑድ እድሩ ተሰበሰበና ጋሽ ደበበ ተከሰሰ። አትሳቁ፤ ደንብ ደንብ ነው። በሐሰት ሞት መለፈፍ ያስቀጣል፤ ጡሩምባው እንደ ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። “ምን ትመልሳለህ?” አሉት ባሻ። አንዱ አዛኝ ጡሩምባውን ገፋ አድርጎ፣ “በዜማ ይቅለለው” አለ። ጋሽ ደበበ ራሱን ነቀነቀና ጡሩምባውን መልሶ ገፋው።

“ል... ል...” አለ። ዓይኑ ተጨፈነ፣ እግሩ መሬቱን መታ። ባለሱቁ ሊጨርስለት አፉን ሲከፍት ወይዘሮ ስንዱ በክርኗ ጎሸመችው። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አልተነፈሰም። ስንት እንደቆየን አልቆጠርኩም። ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበቅነው።

“ል... ልክ ነው የለፈፍኩት” አለ በመጨረሻ። “ሞ... ሞቼ ነበር። ቀ... ቀ... ቀብሩ ነው የተሰረዘው።”

ባሻ ወልዴ ሳቃቸውን በከዘራቸው እጀታ ሸፈኑ፤ ፍርዱን ግን አልተዉም። ጥፋተኛ ተባለ። ቅጣቱም በሚመጣው ቀብር የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ብቻውን ከመጋዘን እስከ ለቅሶ ቤት መሸከም ሆነ።

የተሸከመው ታምሩ ነው።