ኦርጅናሉ ካሴትና የሐጂ ዓይን

እናንተ፣ ዛሬ ባለቤቴ በልጆቼ ፊት የሠራችኝን ብትሰሙ ሳምንት ሙሉ ትስቁብኛላችሁ!

ልጄ አዲስ የፊልም ማጫወቻ ከኦርጅናል ፊልም ጋር ገዝታ መጣች። ከአሮጌው ቲቪያችን ጋር በአሮጌ ገመድ ብናገናኘው “በዚህ ገመድ ማሳየት አይፈቀድም” የሚል ጽሑፍ አወጣና ስክሪኑ ጠቆረ። “ፊልሙ ኦርጅናል ነው እኮ!” ብዬ ጮህኩ።

ባለቤቴ ፈይዛ ሳቋን ለቀቀችው። “አቦ፣ ደሞ ጀመረህ? ለልጆቹ ንገራቸዋ!”

ነገርኳቸው። ለእናንተም ይኸው።

ዘመኑ ደርግ ነው። ድሬ ላይ ቪዲዮ ዴክ ያለው ሰው ሰፈሩን ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ ያስተናግዳል። የምናየው የህንድ ፊልም ደግሞ የኮፒ ኮፒ ነው። ተዋናዩን የምንለየው በድምፁ ነበር!

እኔ ሆዬ ከጅቡቲ አዲስ ዴክና ኦርጅናል ካሴት አስመጣሁ። ለምን? የፈይዛን አባት ለማስደመም! ሽማግሌ ልልክ አስቤ፣ አባቷ ሐጂ እምቢ ቢሉኝስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

መጋላ ሰፈር፣ ሐጂ ቤት፣ ከምሳ በኋላ። ጀመዓው ጫቱን ይዞ ተደርድሯል። የኔ ዴክ ያለው ቢጫ ገመድ ብቻ፣ የሐጂ ቲቪ ያለው የአንቴና ቀዳዳ ብቻ፤ አይገጥሙም። ሐጂ “በኔ ዴክ አጫውተዋ” አሉ።

“ያንተማ ካሴት ይበላል!” አልኩ። (በድሬ አንቱታ የለም፣ ታውቁታላችሁ።)

የኔን ዴክ ሁለቱም ካለው ከሳቸው ዴክ፣ የሳቸውን ደግሞ ከቲቪው ቀጠልኩ። ኢንጂነር!

ፊልሙ ተጀመረ። ምስሉ ጨለመ። ቦግ አለ። ደግሞ ጨለመ!

አንዱ “ምነው?” ሲል ምን ብል ጥሩ ነው?

“ዓይናችሁ ኮፒ ስለለመደ ነው! ኦርጅናል ሲያይ መጀመሪያ ይደናገራል።”

ማን ደፍሮ ዓይኔ ኮፒ ነው ይበል! እንዲያውም አንዱ “አሁን ጠራልኝ” አለ። ውሸታም!

ሐጂ ግን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ስኳር አለባቸው፤ ዓይንህን ጠብቅ ተብለዋል። ሻይ ይዛ የገባችውን ፈይዛን ቀስ ብለው “ነገ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ፣ የፈራሁት መጣ መሰለኝ” አሏት።

ወይ ጉዴ! ዝም ብል ሰውየው በድንጋጤ ሊያልቁ ነው። ብናገር ፈይዛን ልረሳት ነው።

የሷን ፊት አየሁና አልቻልኩም።

“ሐጂ፣ ዓይንህ ደህና ነው! ካሴቴ ነው የተበላሸው። ለሁላችንም ይጨልማል!”

ሳቁ ቀፊራ ገበያ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ሐጂ ካሴቱን ነጥቀው በዚያ “ካሴት በሚበላው” ዴካቸው ውስጥ ከተቱት።

ኩልል ያለ ምስል!

ለካ ካሴቱም ደህና ነው። ሠሪዎቹ ኮፒ እንዳይደረግ ብለው አንድ ነገር ቀብረውበታል፤ በሁለተኛ ዴክ በኩል ካለፈ ምስሉ ይረበሻል። ይህን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ገዝቼ በሌብነት ተጠረጠርኩ ማለት ነው!

ሐጂ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዩ። ዓይናቸው በመትረፉ ደስ ብሏቸው የጀግናውን የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር ይቆጥሩልን ነበር። አንገቴን ደፍቼ ስወጣ በር ላይ ያዙኝ።

“ዋሪያ፣ ሽማግሌ ስትልክ ያንን ዴክህን እንዳታስይዛቸው።”

ይኸው ፈይዛን አገኘኋት፤ እሷም እስከ ዛሬ ማሾፊያ አገኘች። ልጆቼ ፊልሙን ከጓደኛ በመጣ ኮፒ በስልካቸው ጨረሱት። እኔና ኦርጅናሌ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጠን ቀረን።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፣ ከመካከላችሁ “አሁን ጠራልኝ” ብሎ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?