የቢፍቱ ተረከዝ

ሰው ልጅ እስኪወልድ ድረስ እግር ማለት ጫማ የሚገባበት ነገር ይመስለዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ጠዋት ተነስቼ እቆማለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ ማታ እግሬን ታጥቤ እተኛለሁ፤ በመሃል ምን ዓይነት ሥራ እንደተሠራ ጠይቄ አላውቅም። ይህን ሁሉ ሥጋና አጥንት፣ ከነሐሳቡ፣ ከነኩራቱ፣ ሁለት ጭብጥ በማያክሉ እግሮች ላይ ተሸክሞ አለመውደቅ ተአምር መሆኑ የሚገባን፣ አንዲት ትንሽ ፍጡር የወንበር እግር ጨብጣ፣ ጉልበቷ እየተብረከረከ፣ ከመሬት ጋር ስትደራደር ስናይ ነው። አበው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላሉ። እውነት ነው፣ ይሄዳል። ሲሄድ ተረከዙ መሬት ይንካ አይንካ ግን የነገሩን ነገር የለም።

ነገሩን ላጫውታችሁ። እኔ አሰላ ተወልጄ ያደግሁ፣ ቤቴ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነኝ። ባለቤቴ ታደሰ የበቆጂ ልጅ ነው። የበቆጂ ልጅ ነው ስል ቀሪውን ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ። ጎረምሳ ሳለ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ሮጧል፤ ጉልበቱ ከዳው እንጂ እሱስ አልከዳም ነበር። አሁን ከሳጉሬ ገበያ ገብስና ስንዴ እየሸመተ አሰላ ያመጣል። ሩጫው ግን ከሆዱ አልወጣም። ልጃችን ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነበር የተወለደችውና እናቱ "ቢፍቱ" አሏት፤ በኦሮምኛ የንጋት ጮራ ማለት ነው።

ቢፍቱ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላት ቆመች። "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!" እያልን አጨበጨብን። ሳናስበው አፋችን መርቋት ኖሮ፣ ልጅቱ የምር እንደ ወፍ ቆመች። በጣቶቿ ጫፍ! ከዚያ ሁለቱንም ተረከዞቿን አንጠልጥላ፣ ክንዶቿን ዘርግታ፣ አንድ ነገር ልትሰርቅ እንደምትሄድ ሰው ቤቱን አቋርጣ የአባቷ ጉያ ገባች። ታደሰ ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ እንባ ሞልቶት ነበር።

"አየሻት?" አለኝ። "ሯጭ ናት! ሯጭ ተረከዙን አያባክንም።"

ጎረቤታችን አዴ ከድጃ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኙላት። አዴ ከድጃ የሰፈራችን ትልቅ ሴት ናቸው፤ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ፣ ምርቃት ላይ ሲደርሱ ዓረብኛም የሚጨምሩ። "ማሻ አላህ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ መሬቱ ቀዝቅዟት እኮ ነው! ካልሲ አድርጊላት" አሉኝ። አደረግሁላት። በካልሲ ጫፍ ሄደች። ጫማ ገዛንላት፤ በጫማ ጫፍ ሄደች። የጫማው አፍንጫ ተልጦ አለቀ፣ ተረከዙ ግን ከሱቅ እንደወጣ ነበር።

ለክትባት ጤና ጣቢያ በወሰድኳት ጊዜ ነርሷን ጠየቅኋት። የእናቴ እኩያ የምትሆን፣ ድምፅዋ ቁጡ፣ እጇ ግን ለስላሳ ሴት ናት።

"ዝም ብላ ስትቆም ተረከዟ ይወርዳል?"

"ይወርዳል።"

"ሁለቱም እግሯ እኩል ነው?"

"እኩል ነው።"

"እንግዲያው ብዙ ልጅ መራመድ ሲጀምር ያደርገዋል፣ ይተወዋልም። ግን ሁለት ዓመት አልፏት ካልተወች፣ ወይ በአንዱ እግሯ ብቻ ካደረገችው፣ ወይ እግሯ እየደረቀ ከመጣ፣ ወይ መውደቅ ካበዛች፣ ወይ ደግሞ ትችለው የነበረውን ነገር መተው ከጀመረች፣ ሳትውዪ ሳታድሪ አምጪያት። አትጨነቂ። ግን አትርሺው።"

አትጨነቂ ግን አትርሺው! እስቲ ከእናንተ መሃል ይህን የቻለ እናት ካለ ይንገረኝ። እኔ ሁለቱንም ገልብጬ ነው የያዝኩት፤ ሥራ ሲበዛ እረሳዋለሁ፣ ትዝ ሲለኝ እጨነቃለሁ።

እንዲህ እያልን ሁለት ዓመቷ አለፈ፤ ወደ ሦስት ተጠጋች። አፏ እንደሆነ ቀድሞ ተፈቷል። እግሯ ግን ያው ነው። አንድ ከሰዓት የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የሸሚዝ ቁልፍ ስተክል አንዷ ቁልፍ አመለጠችኝና ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ቢፍቱ ልታነሳልኝ ሮጠች። ቁጢጥ ልትል ጎንበስ አለች፤ ተረከዟ ግን አልወርድም ብሎ አየር ላይ ቀረ፣ ወደ ኋላዋ ተገነደሰች። ሳቀች። እንደገና ሞከረች። እንደገና ወደቀች። ሦስተኛ አልሞከረችም፤ በእንብርክኳ ሄዳ ቁልፏን አመጣችልኝ።

እኔ አልሳቅኩም። ከጥቂት ወራት በፊት እኮ ግቢ ውስጥ እንደ እንቁራሪት ቁጢጥ ብላ ስትጫወት ነበር የምትውለው! አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳትና እግሯን ወደ ላይ ቀስ ብዬ ገፋሁት። ባቷ እንደተወጠረ ገመድ ነው። አልታጠፍም አለኝ።

ታደሰ ሲመጣ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ጤነኛ ልጄን በሽተኛ አታድርጊያት" አለኝ።

"እኔ ምንም አላደረግኳትም። ይኸው ቁልፍ። መሬት ላይ አድርግና አንሺልኝ በላት።"

አደረገ። "ቢፍቱዬ፣ እስቲ ለአባባ ቁልፏን" አላት። ቢፍቱ ጎንበስ አለች፣ ተገነደሰች፣ ቀና ብላም በጀርባዋ እንደተኛች ሳቀችለት። እሱ ጉልበቱን ይዞ አጠገቧ ቁጭ አለ። ከዚያ ልጅቱን ደረቱ ላይ አነሳትና፣ "ነገ ገበያ አልሄድም" አለ።

በማግስቱ ሆስፒታል ያየን ሐኪም ወጣት ነው፤ አይቸኩልም። በቀጥታ አስኬዳት፣ ወደ ኋላ አስኬዳት፣ ወለል ላይ አስቀምጦ ተነሺ አላት፤ ስትነሳ ጭኗን በእጇ እየደገፈች እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ጀርባዋን ዳሰሰ፣ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ። ስትወለድ ወዲያው አለቀሰች? ጊዜዋን ጠብቃ ነው የተወለደችው? ሲጠሯት ትዞራለች? ከልጆች ጋር ትጫወታለች? እያንዳንዱ ጥያቄ ለኔ አዲስ የጭንቀት በር ነበር፤ ጨርሼ "አዎ" እስክል ድረስ ከበሩ ወዲያ ያለውን ጨለማ አይቼ እመለሳለሁ።

"ትናገራለች?"

"ዶክተር፣ በሁለት ቋንቋ ነው የምትከራከረው" አለ ታደሰ።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። ነርቯም፣ ጡንቻዋም፣ ጀርባዋም ዛሬ ሲታዩ ደህና መሆናቸውን ነገረን። "ለምን በጫፍ እንደምትሄድ አናውቅም። አንዳንድ ልጅ እንዲሁ ይለምደዋል። ግን ስለቆየች የባቷ ጅማት አጥሯል፤ አሁን ልውረድ ብትልም አይፈቅድላትም። እኛ እናስረዝምላታለን። በጊዜ ነው ያመጣችኋት።"

ያን ጊዜ ታደሰ፣ ከገባን ጀምሮ የያዘውን ጥያቄ አወጣው። "ትሮጣለች?"

"መሮጡን ለሷ እንተውላት" አለ ሐኪሙ። "እኛ መጀመሪያ እናቁማት።"

ሁለቱም እግሮቿ ጄሶ ገቡ። በየጊዜው እየተፈታ፣ እግሯ ትንሽ ቀና እየተደረገ እንደገና ይታሰራል። አዴ ከድጃ በር ላይ ሲያዩዋት ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው አለቀሱ። ቢፍቱ ራሷ አባበለቻቸው። "አዴ፣ አያምም። ጫማ ነው" አለቻቸው በኦሮምኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ እንደ ሙቀጫ ድው፣ ድው የሚል አካሄድ ገባ።

ጄሶው ሲፈታ ደግሞ በየጠዋቱ እግሯን መለጠጥ መጣ። ይህን ሥራ ታደሰ ለማንም አልሰጥም አለ። መሬት ላይ ይቀመጥና ጉልበቷን ዘርግቶ፣ ተረከዟን በመዳፉ ይዞ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይገፋል። ዝም ብላ እንድትታገሥለትም ጉዞ ፈጠረላት። "አሁን ከአሰላ ተነሳን... ስንዴው አሽቷል... ይኸው ሳጉሬ ገባን... አሁን ዳገቱን እየወጣን ነው... በቆጂ!" በቆጂ ሲደርሱ ይለቃታል። አንዳንድ ቀን ግን ያማታል፤ ያን ጊዜ መንገድ ላይ እንዳለች፣ "ወራጅ አለ!" ብላ ትጮሃለች። ታደሰ ወዲያው ያቆማል። ተሳፋሪዋን ያወርዳል፣ ግንባሯን ይስማል፣ አረፍ ብለው እንደገና ከአሰላ ይነሳሉ።

እኔ መኪናዬ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ፍጥነት ያመለከ ሰው፣ አንዲትን ትንሽ ተረከዝ የጥፍር ታህል ዝቅ ለማድረግ ክረምትና በጋ ሲቀመጥ። እግዜር ያሳያችሁ! እኔ በዓይኔ ካየሁት ሩጫ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

ልጅ ደግሞ እንደምታውቁት ጅማቱ ቢረዝምም ልማዱ አይለቀውም። ስታዪያት ትወርዳለች፣ ዞር ስትይ ጫፏ ላይ ናት። "ቢፍቱ፣ ተረከዝ!" ማለት የቤታችን የዘወትር ጸሎት ሆነ። ከዚያ በኋላ፣ ማንም ሳይላት፣ መጣ።

ክረምት ነበር። ጠዋት የዘነበው አባርቶ ግቢው ጭቃ ሆኗል። ቢፍቱ ባዶ እግሯን ወጥታ ዶሮ ስታባርር ቆየች። እኔ ልብስ ላሰጣ ስወጣ መሬት ላይ አንድ ነገር አየሁና ቅርጫቱን አስቀመጥኩት። የእግር ኮቴ ነው። አምስት ጣት፣ የውስጥ እግር፣ ከኋላው ደግሞ እንደ ሲኒ ቂጥ ክብ ያለች፣ ጥልቅ ብላ የታተመች ተረከዝ። ሙሉ እግር! እስከዚያ ቀን ድረስ ልጄ መሬት ላይ የምታትመው አምስት ነጥብና አንድ ጨረቃ ነበር።

"ታደሰ!" ብዬ ጮህኩ። አንድ ነገር ሆነች ብሎ እየሮጠ መጣ። ጣቴን ወደ ጭቃው ጠቆምኩት። ቁጭ አለ። ሊነካት እጁን ዘርግቶ መለሰው።

ጭላሎ ተራራ ላይ ደመናው ጠቁሮ እየወረደ ነው፤ ጠብ ጠብ ማለትም ጀምሯል። ታደሰ ዙሪያውን ተመለከተ፣ የቢፍቱን የመታጠቢያ ሳፋ አነሳ፣ ኮቴዋ ላይ ደፋባት። እንግዲህ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከዝናብ ያስጠለልነው ነገር ይሄ ነው።

አዴ ከድጃ በአጥሩ በኩል አይተውን ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ። "ምንድን ነው የደፋችሁበት? ጫጩት ነው?" ብለው ሳፋውን ከፍ አደረጉ። አዩ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሳፋውን ቀስ አድርገው መለሱትና፣ ነፋስ እንዳያነሳው ድንጋይ ፈልገው ጫኑበት።

የኮቴዋ ባለቤት ግን ለዚህ ሁሉ ክብር ደንታም አልነበራት። ሳፋዋ መወሰዱን ስታይ መጣች፤ ሳፋው የሷ እንደሆነ፣ ጀልባ ልታደርገው እንደነበር፣ አሁኑኑ እንድንሰጣት በሁለቱም ቋንቋ ነገረችን። እምቢ አልናት። ያን ጊዜ ልቅሶዋን ለቀቀችውና፣ ዝናቡ መሃል ቆማ እግሮቿን መሬት ላይ መጠብጠብ ጀመረች። በተረከዟ።

ማናችንም ዝም በይ አላልናትም። ሦስታችንም ዝናብ እየመታን ቆመን አዳመጥናት።