በአሥራ አንድ ደቂቃ የተሞሉ ጉድጓዶች

ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ ከትዕግሥትና ከላብ ይወለዳሉ የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የእኛን መሥሪያ ቤት አያውቁትም። የእኛ መሥሪያ ቤት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን የከተማዋን የጉድጓድ ችግር በአሥራ አንድ ደቂቃ ፈትቶታል፤ ያውም አንድ አካፋ አፈር ሳይዛቅ፣ አንድም ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሳ። አበው «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው» ብለው መክረውናል። መሙላቱን እንዴት እንደምናደርገው ግን አልነገሩንም ነበርና እዚህ ላይ የእኛን ኃላፊ ማመስገን ግድ ይላል።

ኃላፊያችን «ይስተካከል» የሚል ቅጽል ስም ነበራቸው። በክፋት ያወጣንላቸው አይደለም፤ የሚቀርብላቸውን ወረቀት ሁሉ ሳይገልጡ ዳሩ ላይ «ይስተካከል» ብለው ስለሚመሩት ነው። አንዴ የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ላይ ጽፈውት፣ ጠያቂው ምኑን አስተካክሎ እንደሚመልስ ሲያስብ ዓመቱ አለቀ።

በዚያ ዓመት የከተማዋን ተፋሰስ እንድናጠና፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ከየት ተነስቶ በየት አልፎ የት እንደሚደርስ በካርታ እንድናሳይ ታዘዝን። ለዚህ መጀመሪያ የዲጂታል ከፍታ ሞዴል ይዘጋጃል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። መሬቱ እንደ ሒሳብ ደብተር በትንንሽ ካሬ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ካሬ የከፍታ ቁጥሩን ይይዛል፤ ኮምፒውተሩም ውሃውን ከከፍተኛው ቁጥር ወደ ዝቅተኛው እያወረደ ይሸኘዋል። ዙሪያውን በከፍታ የተከበበ ካሬ ሲያጋጥመው ግን ውሃው እዚያ ይገባና መውጫ ያጣል። እንዲህ ያሉት ጉድጓዶች አብዛኞቹ የመረጃ ስህተት ስለሆኑ፣ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት በቁጥር ይሞላሉ፤ የካሬው የከፍታ ቁጥር እንደ ዙሪያው ከፍ ይደረጋል ማለት ነው።

ሥራው የተሰጣት የካርታ ባለሙያችን ጨዋ ልጅ ናት። አንድ ነውር ብቻ አለባት፤ የምትሠራበትን ቦታ ሄዳ ታያለች። ኮምፒውተሩ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ጉድጓዶች ሲቆጥር፣ እኛ በስክሪን እያየን ስንደነቅ እሷ ቦት ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ ከአንዱ በቀር ሁሉም ስህተት መሆናቸውን ነገረችን። እውነተኛው ጉድጓድ ነዋሪዎቹ «ሳህኑ» የሚሉት፣ ከዋናው መንገድ ግርጌ የተኛ ሰፈር ነው። መንገዱ ከፍ ተደርጎ ሲሠራ ውሃው እንዲያልፍ ከሥሩ ቱቦ ተቀብሮለት ነበር። ቱቦው በደለልና በፌስታል ከተደፈነ አምስት ክረምት አልፎታል።

እዚያ ሰፈር አንድ ሽማግሌ በያጅ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ሚስቱ ሽባ ሆና አልጋ ከያዘች ቆይታለች። ውሃው በየክረምቱ ቤት ስለሚገባ፣ በያጁ በየዓመቱ የአልጋዋ እግሮች ላይ አንድ አንድ ስንዝር ብረት ይበይዳል። ባለሙያዋ የብየዳውን ጠባሳ ስትቆጥር አምስት ሆነ። ሰውየው ከዚህ በላይ ከቀጠለ ሚስቱ ቀና ብላ መቀመጥ እንደማትችል፣ ጣሪያው ዝቅተኛ መሆኑን አስረዳት። ቱቦው ይጠረግለት ዘንድ አምስት ማመልከቻ አስገብቷል። አምስቱም ይስተካከል ተብለዋል።

ባለሙያዋ ይህን ሁሉ ለኃላፊው አቀረበች። ወይ ቱቦው ይጠረግና ካርታው ላይ መውጫ ይከፈትለት፣ ወይ ሳህኑ እውነተኛ ጉድጓድ ተብሎ ይመዝገብ አለች። ኃላፊው በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ለአንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስቱ የተፈቀደ ለአንዱ የሚከለከለው በምን ምክንያት ነው? ይሄ አድልዎ ነው።»

«ሰው ይኖርበታል እኮ።»

«እንዲያውም። ሰው እየኖረበት ጉድጓድ ሆኖ መቅረት የለበትም።»

እንድትሞላው አዘዟት። እምቢ ስትል ኃላፊው ራሳቸው ጎንበስ ብለው የመሙያውን ቁልፍ ተጫኑት። ኮምፒውተሩ አሥራ አንድ ደቂቃ አሰበና ጨረሰ።

የወሩ ሪፖርት «በአንድ የሥራ ቀን 1317 ጉድጓዶች ሙሉ በሙሉ ተሞልተዋል» የሚል ነበር። «በኮምፒውተር» የምትለው ቃል አንባቢ ታደናግራለች ተብላ ወጣች። ሪፖርቱ ውስጥ «ሞዴል» የሚለው ቃል አሥራ አራት ጊዜ ስለተጠቀሰ፣ የበላይ አካል ሞዴል መሥሪያ ቤት እንደሆንን ተረዳ። ልምድ የሚቀስም ልዑክም ሊልክልን ወሰነ።

በያጁም ለስድስተኛ ማመልከቻው በሕይወቱ የመጀመሪያውን መልስ አገኘ፤ ያመለከተበት ጉድጓድ የተሞላ በመሆኑ አቤቱታው መነሻ የለውም ይላል። ደብዳቤውን ይዞ ባለሙያዋ ዘንድ መጣ።

«ልጄ፣ በዚህ አሞላል ቤቴ ከአፈሩ በላይ ነው ወይስ ከሥር?»

ልትዋሸው አልቻለችም። «ከሥር ነው አባባ። ሁለት ሜትር ተኩል።»

በያጁ ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ለባለቤቴ አልነግራትም» ብሎ ወጣ። ባለሙያዋ ከዚያ በኋላ የዚያን ቀን ሥራ አልሠራችም።

ልዑኩ የመጣው ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከማለዳ ጀምሮ ሲዘንብ በዋለበት ቀን ነው። የልዑኩ መሪ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ንግግራቸው የተመዘነ ሰው ነበሩ። ኃላፊያችን ስክሪኑ ፊት አስቀምጠው ለጥ ያለውን ካርታ አሳዩዋቸው። መሪው ግን ከተሞሉት ጉድጓዶች አንዱን በዓይናቸው ማየት ፈለጉ። ኃላፊው ግራ ገብቷቸው ወደ ባለሙያዋ ዞሩ። እሷም ፊቷን ሳታጠቁር፣ ሁሉም እኩል መሞላታቸውን፣ ኃላፊው በገዛ እጃቸው የሞሉት ግን ሳህኑ መሆኑን ተናገረች። መሪው ከዚህ የተሻለ ምርጫ እንደሌለ ወሰኑ።

መኪናው ከዋናው መንገድ ቁልቁል ወርዶ ሰፈሩ መሐል ሲደርስ ሞተሩ ጠፋ። ውሃው በሩ ጋ ደርሷል። መሪው መስኮቱን ዝቅ አድርገው ዙሪያውን አዩ።

«ይህ ጉድጓድ ተሞልቷል አላላችሁኝም?»

ኃላፊያችን በቢሮክራሲ የኖሩ ሰው ናቸውና አልተደናገጡም። «እንደሚያዩት ነው ጌታዬ፤ እስከ አፉ።»

በያጁ ሱሪውን ሰብስቦ እየተራመደ መጣና መሪውን በጀርባው አዝሎ ቤቱ አስገባቸው። ቤቱ ውስጥ ደረቅ ነገር አልጋው ብቻ ስለነበር እዚያው ላይ አወጣቸው። ሚስቱ ጥግ ይዛ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«እግርዎን ይሰብስቡ» አለቻቸው፤ «ገና ይጨምራል።»

መሪው አንገታቸውን ከጣሪያው ሥር ደፍተው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከአንዲት የማያውቋት በሽተኛ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። በመሐሉ ስልክ ደወሉ። ምን እንዳሉ የሰማችው የበያጁ ሚስት ብቻ ናት፤ እሷም ጨዋ ስለሆነች አልደገመችውም። ብቻ ሰዓቱ ሳይሞላ አሥር ሠራተኞችና አንድ የጭነት መኪና ከች አሉ። ስድስት ማመልከቻ ያላነቃነቀው ደለል ከሰዓት በኋላ ተጠርጎ ወጣ። ውሃው መንገዱን አግኝቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በዘነበ ቁጥር ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመ አጣሪ ኮሚቴ ሳህኑ ድረስ እየወረደ ውሃውን ለካ። አንድ ስኒ ውሃ እንኳ ተኝቶ አላገኘም። በመሆኑም ካርታችን ከመጀመሪያውም ትክክል እንደነበር በቃለ ጉባዔ ተረጋገጠ። ኃላፊያችን የምስጋና ምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ባለሙያዋ «ጉድጓድ በሌለበት ቦታ ጉድጓድ አለ በማለት የሥራ መንፈስ በማወክ» የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። አንብባ፣ መቀበሏን ፈርማ፣ ወደ ቁጥሮቿ ተመለሰች።

በያጁ ሊያመሰግን መጣ። አስቀድሞ የሄደው ወደ ባለሙያዋ ጠረጴዛ ነበር፤ ነገር ግን ኃላፊው ከበራቸው ላይ ጠርተው ወንበር አስቀረቡለትና ምስጋናውን ራሳቸው ተቀበሉ። ሌላ ችግር ካለበት ሳይፈራ እንዲናገር፣ መሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ የቆመ መሆኑን ነገሩት።

በያጁ ትንሽ አመነታ። ቱቦው ባመቱ መልሶ እንደሚደፈን በያጅም ቢሆን ያውቃል።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምን» አለ። «እኚያ የመጡት ትልቅ ሰው፣ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ አንድ ጊዜ ብቅ ይበሉልን። በመኪና።»