የሥራ ቁጥርና የሰው ቁጥር

አበው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ብለው መክረውን ሄዱ። እኛም ምክሩን ስንሰማ ኖረን፣ ኖረን፣ በሥራ ላይ ያዋልነው ቻይና ባለሁለት ሲም ስልክ ስትልክልን ነው። ቤታችን በአንድ ባላ ቆሞ፣ ኑሯችን ጭራሽ ያለ ባላ ቆሞ፣ ስልካችን ግን ባለ ሁለት ሆነ።

በሌላው ዓለም ሰው ሁለት ቁጥር የሚይዘው የሁለት ድርጅት ደንበኛ ስለሆነ ነው አሉ። አንዱ ሲወደድበት ወደ ሌላው ይዞራል፤ አንዱ ሲያኮርፍ ሌላው ያባብለዋል። ያን ጊዜ በእኛ አገር የስልክ ድርጅቱ አንድ፣ ገዢው ግንባር አንድ፣ አቅጣጫው አንድ ነበር። ሁለት የነበረው ሲም ካርዳችን ብቻ ነው። ነገሩ ከአንድ ምንጭ በሁለት እንስራ እንደ መቅዳት ነው። ምንጩ የደረቀ ቀን ሁለቱም እንስራ ባዶ ነው፤ ተሸካሚው ግን ሁለት እንስራ ስላለው ይኮራል።

በከተማችን በመርሳ ደግሞ ኩራት ቶሎ ይዛመታል። ትናንት «ስልክህን ስጠኝ» ሲባል ደንገጥ ብሎ ቁጥሩን ሲያስታውስ የነበረው ሁሉ፣ በማግስቱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «የትኛውን?» ማለት ጀመረ። «የትኛውን?» እንደ ቀላል ጥያቄ አትዩዋት። ሰው በከተማው ውስጥ ያለውን ደረጃ ከዚያ ወዲህ የሚያውቀው በተሰጠው ቁጥር ነው፦ የሚነሳው ቁጥር የተሰጠው አለ፤ የማይነሳው ቁጥር የተሰጠው አለ። የማይነሳው እንደተሰጠው ሳያውቅ «ኔትወርኩ ነው» እያለ የሚኖር የዋህም አለ። እናንተ የትኛው እንደተሰጣችሁ እርግጠኛ ናችሁ?

ሰይድ ግን ሁለት ቁጥር የያዘው ለኩራት አልነበረም። እኔ በምሠራበት ጽሕፈት ቤት (የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ጡረታዬን እፈልገዋለሁ) የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ ነው። በአጭሩ፣ ገበሬው ተራራ ላይ እርከን ሲሠራ መስመር የሚያወጣው እሱ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቁጣ ሲፈጠር ወረፋ ላይ ያልነበረ ልጅ። እኔን በዕድሜዬ «ጋሼ» ይለኛል፤ እኔም እንደ ታናሽ ወንድሜ አየዋለሁ።

ችግሩ ኃላፊያችን ነው። ኃላፊያችን ከሳምንቱ ግማሹን ወልድያ ስብሰባ ላይ ይውላል፤ የቀረውን ግማሽ ስለ ስብሰባው በስልክ ሲያስረዳን ያሳልፋል። ሰይድ እራት ሲበላ ይደውላል። ሲሰግድ ይደውላል። ሲሪንቃ ላይ መኪና ሲጠብቅ ይደውላል። «ከዚህ አኳያ» ብሎ ከጀመረ ባትሪው ካላለቀ በቀር የሚያስቆመው ኃይል የለም። ባትሪው ቢያልቅ ደግሞ ከሌላ ሰው ስልክ ይቀጥላል፤ ያውም ካቆመበት ቃል።

ስለዚህ ሰይድ ወልድያ ሄዶ ባለሁለት ሲም ስማርት ስልክ ገዛ። አንደኛውን ሲም «ሥራ»፣ ሁለተኛውን «ሰው» ብሎ ሰየመው። «ሥራ» ሲጠራ እንደ አምቡላንስ ይጮኻል። «ሰው» ሲጠራ ማሲንቆ አምባሰልን ያንጎራጉራል። የሥራው ለኃላፊው፣ የሰው ለዘመድ፣ ለወዳጅና ለሚወዳት ለዘይነብ። አምቡላንሱ ሲጮኽ ፊቱ ይጠቁራል፤ አምባሰል ሲሰማ ይፈካል። አንድ ሰው በአንድ ኪስ ሲኦልና ጀነትን ይዞ ሲዞር ያየሁት ያኔ ነው።

ስልኩን የሸጠለት ሰው ያልነገረው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች። ይህ ስልክ ሁለት ጆሮ እንጂ ሁለት ጉሮሮ የለውም። በአንዱ ቁጥር እያወራችሁ ከሆነ ሌላው ጭልጥ ብሎ ይተኛል። በዚያ ሰዓት በሌላው የሚደውል ሰው የሚያገኘው፣ እንዲያ ድምፅዋን እያሳመረች «ደንበኛውን አሁን ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ሴትዮ ነው። ለእናንተ ደግሞ ማን እንደደወለ የሚነግራችሁ የለም።

ዘይነብ የውርጌሳ ልጅ ናት፤ አስተማሪ። ተማሪዎቿን ችግኝ ልታስተክል ሰይድ ካሠራው እርከን ላይ ወጥታ ነው የተያዩት። አባቷ ሐጂ ይማም የታወቁ የብርቱካንና የማንጎ ባለቤት፣ ቃላቸውን አንዴ ከተናገሩ የማያጥፉ ሰው ናቸው። ሁለት የመርሳ አዛውንቶችና እኔ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ሐጂ በክብር ተቀበሉን፣ ዱዓ አደረጉ፣ አዳመጡን፣ ከዚያ ጺማቸውን ይዘው እንዲህ አሉ፦

«ሽማግሌ የሚመጣው ልጁ ጥሩ ነው ሊል ነው። መጥፎ ነው ሊል የመጣ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። እኔ ልጁን ከገዛ አፉ ልስማው። ጁምዓ ከስግደት መልስ እደውልለታለሁ። ቁጥሩን ስጡኝ።»

«የሰው» ቁጥሩን ሰጠናቸው። ከክፉው ቁጥር አዳንናቸው ብለን ደስ እያለን ተመለስን።

ጁምዓ ደረሰ። ሰይድ ከመስጊድ ወጥቶ፣ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ፣ ቢሮ መጥቶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ያየው ጀመር። የምትወለድ ጥጃ እንደሚጠብቅ ገበሬ። ስልኩ ጮኸ። አምቡላንስ!

ኃላፊው ከወልድያ ነው። ስብሰባው «አቅጣጫ አስቀምጧል»፤ አቅጣጫው ይነገር ጀመር። ማነቆዎች ተዘረዘሩ፣ ውስንነቶች ተዘረዘሩ፣ የውስንነቶቹ ማነቆዎችም ተዘረዘሩ። ሰይድ «እሺ… ትክክል ነው… እሺ» እያለ ዓይኑን ወደ እኔ ያንከራትታል። ስልኩ ሲዘጋ እሱም እኔም እፎይ ብለን አምባሰልን መጠበቅ ጀመርን። አምባሰል የተሰማው ወደ አመሻሹ ነው፤ የደወለችው ግን ዘይነብ ናት እንጂ ሐጂ አይደሉም። ከሩቅ እሰማታለሁ።

«አባባ ደጋግሞ ደውሎ ዘግተህበታል!»

«ወላሂ አልዘጋሁም። በሌላኛው ቁጥር ኃላፊው ይዞኝ ነው።»

«ሁለት ቁጥር ይዘህ እንዴት በአንዱም አትገኝም?»

ለዚህች ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ ያገኘ ባለሁለት ቁጥር ካለ ይንገረኝ።

እሷ አባቷን ለምና፣ አልቅሳ፣ ሐጂ አንዲት ዕድል ሰጡ። «ሰኞ ጠዋት ለገበያ መርሳ እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት እደውላለሁ። ካላነሳ ሦስተኛ የለም፤ ልጄን ስልክ ለሚዘጋ ሰው አልድርም» አሉ።

ሰይድ በዚህ ጊዜ ተጠነቀቀ። ሰኞ ጠዋት የሥራውን ሲም ድርግም አድርጎ ዘጋው። በሕይወቱ ትልቁን አመፅ አመፀ ማለት ነው። ግቢያችን ውስጥ ኔትወርክ በደንብ የሚገባው ከሾላው ዛፍ ሥር ስለሆነ ሄዶ እዚያ ቆመ። እኔም ሥራ እንዳለው ሰው ወረቀት ይዤ ከአጠገቡ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት እንደቆየን ማሲንቆው አንጎራጎረ። አምባሰል! ሰይድ ሳያይ አነሳ።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ! እንዴት አደሩ?»

«የምን ሐጂ ነው?» አለ ስልኩ። «የሥራ ስልክህን ለምን ዘጋህ?»

ኃላፊያችን ነው። የሥራው ቁጥር አልሠራ ሲለው ከጸሐፊዋ አፋልጎ «የሰው»ን ቁጥር አግኝቷል። የቻይና ስልክ ደግሞ ምስጢር አያውቅም፤ ድምፁ ግቢውን ሞላው። እኔ ብቻ ሳልሆን ዘበኛውም፣ ከአጥር ወዲያ የታሰረችው አህያም ይሰማሉ። ስልክ መዝጋት የአመለካከት ችግር መሆኑ ተነገረ። የአመለካከት ችግር ከየት እንደሚመጣ ተነገረ። ወዴት እንደሚያደርስም ተነገረ። ሰይድ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ «እሺ… ልክ ነዎት… እሺ» ይላል።

ይኼኔ ሐጂ ውርጌሳ ላይ መኪና ከመሳፈራቸው በፊት ደውለው ነበር። መስመሩን ኃላፊያችን ይዞታልና ያቺው ሴትዮ አነጋገረቻቸው። መርሳ ወርደው ከመናኸሪያው ደወሉ። ያቺው ሴትዮ። «እምቢታ በስልክ አይነገርም፤ ዓይኑን እያየሁ ልንገረው» ብለው ወደ ጽሕፈት ቤቱ አቀኑ። ኃላፊያችን ሳይታክት ሲናገር ሐጂ በትራቸውን ይዘው በበሩ ገቡ።

ሰይድ አያቸው። ስልኩን ከጆሮው ማንሳት አይችል፣ ሐጂን ዝም ብሎ ማለፍ አይችል። እንደያዘ መሬት እስኪነካ አጎነበሰ፤ በግራ እጁ ስልኩን፣ በቀኝ እጁ የሐጂን እጅ ይዞ፣ እጃቸውን እየሳመ ለኃላፊው «እሺ» አለ። ሐጂ ለእሳቸው መስሏቸው «ምኑን ነው እሺ የሚለኝ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ቦታ ለቀቅሁላቸውና ከአጠገቤ ተቀመጡ።

«ከማን ጋር ነው?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከኃላፊያችን ጋር ነው፣ ሐጂ።»

«ያ አላህ! ይሄ ሁሉ ስድብ ደመወዝ ያለው ነው?»

ስልኩ ቀጠለ። «ደግሞ ሪፖርቱስ? ከግራና ከተማ በላይ ያለውን እርከን ‹አልተጠናቀቀም› ብለህ የጻፍከው ምን ፈልገህ ነው? ነገ እንግዶች ይመጣሉ። ‹ተጠናቋል› በለው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰይድ አፍ «እሺ» ጠፋች።

«እሱን እንኳ አልለውም» አለ በዚያችው በለሆሳስ ድምፁ። «ወጥቼ አይቼዋለሁ። ግማሹ ገና ድንጋዩ አልተካበም። ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ከታች ያሉት ሰዎች ቤት ነው የሚገባው።»

ስልኩ ውስጥ የሆነውን አልደግመውም። አህያዋ እንኳ ጆሮዋን አጠፈች። በመጨረሻ ኃላፊው «እንተያያለን!» ብሎ ዘጋ። ሰይድ ሐጂ ፊት መጥቶ እንደ ተከሳሽ ቆመ።

«ሐጂ፣ አውፍ ይበሉኝ። ወላሂ እርስዎን ንቄ አይደለም…»

«አብሽር፣ ተቀመጥ» አሉት ሐጂ። በትራቸውን አሸዋው ላይ አሽከረከሩ። «እኔ የመጣሁት እምቢ ልልህ ነበር። ቃሌንም መንገድ ላይ ሳሳምር ነው የመጣሁት። አሁን ግን ስድቡን ሁሉ ስትውጥ አየሁ፤ ውሸቷን ስትተፋም አየሁ። የኔን ልጅ ታውቃታለህ?»

«አውቃታለሁ፣ ሐጂ።»

«አታውቃትም! በእናቷ ነው የወጣችው። አንዴ ከጀመረች ይኼ የናንተ ሰውዬ ከሷ ፊት ዲዳ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እሺ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እሺ የሚል ወንድ ሳይ አውቀዋለሁ። እሺ የማይባለውን የሚለይ ግን እምብዛም አላየሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድሜ፣ ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው። ቀን ይቁረጡ።»

ሰይድ እጃቸው ላይ ተደፋ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፦ የሽማግሌ ምላስና የዱዓ ብዛት ያላሳመናቸውን ሰው፣ ኃላፊያችን ሳያውቀው በአንድ ስልክ አሳመናቸው። እውነተኛው አማላጅ እሱ ነው። ሠርጉ ላይም ተጠርቶ መጣ፤ ስለ ትዳርና ስለ ልማት ሰፊ ንግግር አደረገ፤ ሙሽራው በልማድ «እሺ» አለ።

ነገር ግን «እንተያያለን» የምትለዋ ቃል አልተረሳችም። ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሰይድ ከግራና በላይ፣ መኪና ወደማይወጣበት፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር ወደማይገባበት ተራራ ቀበሌ ተዛወረ። «የሥራ ፍላጎት ስላለ» ተባለ። ቅጣት መሆኑን ያልተረዳ አልነበረም፤ ከሰይድ በቀር። ዘይነብም እዚያው ላለ ትምህርት ቤት አመልክታ ተከትላው ወጣች። ያን ቀበሌ ለምኖ የሄደ አስተማሪ ከዚያ በፊት ስላልነበረ ማመልከቻዋ በደረሰ ዕለት ተፈቀደላት።

እኔ ልጠይቃቸው አንድ ጊዜ ወጣሁ። ሰይድ የቀረውን እርከን ከገበሬዎቹ ጋር ድንጋይ እየካበ ነበር። ወፍሯል። ስልኩን በመስኮቱ ደፍ ላይ አየሁት፤ ሁለቱም ቁጥሮች ጸጥ ብለዋል፤ ዘይነብ እንደ መስታወት ፊቷን ታይበታለች። የሚፈልገው ሰው ተራራውን ይወጣል፤ ይገርማችኋል፣ እኔ በዋልኩባት በአንዷ ቀን እንኳ በረንዳው ከሰው አልጎደለም። ሐጂ እንኳ በበቅሎ ይመጣሉ። ኃላፊያችን ግን አይመጣም፤ በእግር የሚነገር አቅጣጫ የለማ!

«ጋሼ፣ ወደ መርሳ እንዲመልሱኝ ላመልክት እንዴ?» አለኝ ሊሸኘኝ ሲወጣ፣ ሳቁን እያፈነ።

«አብደሃል?» አልኩት።

ተሰነባብተን ቁልቁለቱን ጀመርኩ። አየሩ ደስ ይላል፣ አእዋፍ ይንጫጫሉ፣ ልቤ ቀሎኛል። ከግራና በላይ ያለችውን ጉብታ እንዳለፍኩ ኪሴ ውስጥ የነበረው ስልክ ነቃ። አንዴ ጮኸ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤ ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ እንደ ጎርፍ ወረደብኝ። ሁሉም ከኃላፊያችን ነው። ሁሉም «የት ነህ?» ይላል።

ልቤ ወደ ተራራው ዞረ። እግሬ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ወደ መርሳ ወረደ።