በምርቃና ሰዓት የተመሰከረልኝ ጠባይ

ጥፋተኛ ተብሎ ቅጣቱን ገና ያልሰማ ሰው የት አገር እንደሚኖር ታውቃላችሁ? እኔ ኖሬበታለሁ። ቤትም አይደለም፣ ወኅኒም አይደለም። እዚያ ቀኑ አይመሽም፤ ቀጠሮው ብቻ ይተላለፋል።

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ የመንግሥት መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ጆንያ ልቆጥር አልነበረም፤ ቢሆንም ቆጠርኩ። አንድ ቀን ስኳር ጎደለ። በማን መኪና እንደወጣ መጋዘኑ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ ግን መኪናው የአለቃዬ፣ ፊርማው የእኔ ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ የሚያነበው ፊርማ ነው።

ቅጣቱ ላይ ሲደርሱ ዳኛው "መጀመሪያ ቀበሌው የተከሳሹን ጠባይ አጣርቶ ይግለጽልን" አሉ። ጠባዬ ከተመሰገነ በገደብ እለቀቃለሁ፤ ካልተመሰገነ ወኅኒ እወርዳለሁ። ቀጠሮ ተሰጠ። ሪፖርቱ አልደረሰም። ሌላ ተሰጠ። አሁንም አልደረሰም። በዋስ ስለነበርኩ ከችሎት ወጥቼ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር እንዲሁ እሄዳለሁ። ጥላው አስፋልቱ ላይ እንደ ውኃ ይወዛወዛል፤ ባቡሩ ከሩቅ ሲጮህ ተሳፍሬ የሄድኩ፣ ባሕር ዳርቻ ተቀምጬ ስሜን የረሳሁ ይመስለኛል። ከዚያ እግሬ ራሱ ቤት ያደርሰኛል።

ሪፖርቱ ለምን ዘገየ ትሉኝ ይሆናል። የድሬን ሙቀት ብታውቁ አትጠይቁም። ከምሳ በኋላ ከተማው ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ የቀበሌው ኮሚቴም የከተማው ሰው ነው። በመጨረሻ ሊያጣሩ የመጡትም እዚያው በርጫ ላይ፣ አዴ ፋጡማ ግቢ፣ ልክ በምርቃና ሰዓት ነበር። በምርቃና ሰዓት ድሬ ውስጥ ክፉ ሰው የለም።

አዴ ፋጡማ አጥር የምትጋራኝ ሶማሌ ናት፤ ጨርቅ ትነግዳለች። ድምፅዋን አጥር አያግደውም።

"ወላሂ፣ እንደዚህ ልጅ ቸር አላየሁም! ሰፈሩ ስኳር ሲያጣ እሱ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። ማነው ከሱ ያልወሰደ?"

"እኔ ወስጃለሁ!" አለ አንዱ።

"የእኔን ሰርግ ያሳለፈልኝ እሱ ነው፣ አቦ!" አለ ሌላው።

እውነታቸውን ነው። እኔ ስኳር አልወድም፤ ሻዩንም ቡናውንም ባዶውን ነው የምጠጣው። የራሽን ስኳሬን አጠራቅሜ ለጎረቤት እሰጥ ነበር። ከአጥሩ ወዲህ ተቀምጬ ምስጋናዬን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ተለቀቅኩ አልኩ። ያ ሁሉ ትምህርቴ አንድም ነገር አልጠረጠረም።

በቀጠሮው ቀን ሪፖርቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነበበ። ዓቃቤ ሕጉ የሚጨምሩት አልነበረም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ፈገግ አሉ።

"ይህን ሁሉ ስኳር ከየት አመጣኸው?" አሉ ዳኛው።

"ራሽኔ ነው፣ ክቡር ዳኛ። እኔ ስኳር አልወድም።"

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ራሳቸው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ወኅኒ ወረድኩ።

ዓመታት ቆይቼ ስወጣ ሰፈሩ እንዳለ ነበር፤ አለቃዬም ከነመኪናው አድጎ ጠበቀኝ። አዴ ፋጡማ ግን እልል ብላ ተቀበለችኝ። ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ ሻይ ቀዳችልኝ፤ ስኳሩን በማንኪያ ላይ ማንኪያ ጨመረችበት።

"ጠጣ፣ ልጄ" አለች ጉልበቴን መታ መታ እያደረገች። "እኔ ባልመሰክርልህ ኖሮ እስከ ዛሬም አትወጣም ነበር!"

ፊቷን አየሁት። ከልቧ ነው።

ስኳር አሁንም አልወድም። ጠጣሁት፤ ድገሚኝም አልኳት።