አህያው ያላወቃት ልጅ

ሌሊቱን ሕልም አየሁ፤ እልም ያድርገውና፣ ከተማው ሁሉ ተገልብጦ አደረ። ታካሚው ሐኪሙን ምላስህን አውጣ ይላል። ተማሪው አለንጋ ይዞ የመምህራኑን ጥፍር ይመረምራል። ሹማምንቱ በሊስትሮው ፊት ተሰልፈው ቀጠሮ ይለማመጣሉ፤ እሱ ደግሞ ነገ ተመለሱ ይላቸዋል። እሰይ ብዬ አለፍኩ።

ከመንገዱ መሃል ከረባት ያሰረ አህያ ተቀምጧል። የልጅ ልጄ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ስትጽፍ ዘወትር የምታማርረው፣ የጻፈችውን እያነበበ ስሕተት የሚለቅመው ኮምፓይለር እሱ ነው፤ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት። ከተማውን እንደ መጽሐፍ ከላይ ወደ ታች ያነባል። አስቀድሞ ያልነገሩት ስም ሲገጥመው ይቆማል፤ እሱ ከቆመ ታክሲው ይቆማል፣ ወንዙ ይቆማል፣ ጥዶ የሄደም ሰው ወጡ አይፈላለትም።

የልጅ ልጄ ከማዶ ስትሻገር አየሁና መኪና እንዳይገጫት ሰግቼ፣ "ወለላ፣ ዳር ዳሩን" ብዬ ተጣራሁ።

አህያው አነጠሰ። "ወለላ፤ ያልታወቀ ስም" አለ።

ከሹማምንቱ አፍና እጅ በቀር ሁሉም ቀጥ አለ። የልጅቷ እግር ይጠፋ ጀመር። ጫማዋ አለ፤ እግሯ የለም።

መቼም በእኛ ቤት ልጅ አንድ ስም አይበቃውም። አባቷ ረድኤት አላት፣ አክስቷም የራሷን አወጣች፤ እኔ ወለላ አልኳት። ይህንኑ አስረዳሁት። ረድኤትንስ አውቃታለሁ፣ ወለላ ግን የቤት ስም ናት፤ ቤት ውስጥ የተነገረ ስም ደጅ አይሠራም አለኝ። ሹማምንቱ አጨበጨቡለት። አህያ ባናፋ ቁጥር የሚያጨበጭብ ሹም በውኔም አጥቼ አላውቅ።

"ታዲያ ምን ይሻላል፣ ጌታው?" አልኩት። ጉልበቷም ጠፍቷል።

"ከመጥራትሽ በፊት፣ ከመንገዱ አናት ወጥተሽ አሳውቂ።"

ጉልበቴን ይዤ ወጣሁ። ለካ መንገዱ ሲወጡት የሚያወርድ ኖሯል፤ እንደ ምንም ደረስኩ። ወለላ የምትባል ልጅ አለች ስል ለፈፍኩ።

"ምንድን ናት? ቁጥር ናት ወይስ ፊደል?"

"ሰው ናት።"

"ሰው፤ ያልታወቀ ዓይነት" አለ።

ወደ ሹማምንቱ ዞሬ፣ አንዳችሁ እንኳ ሰው ምን እንደ ሆነ ንገሩት አልኩ። አንዱ ጥናት ይጠናበት አለ። ሌላው ግብር የሚከፍለውን ነው ወይስ የሚያጨበጭበውን ብሎ ጠየቀኝ። ወፍራሙ ደግሞ ሰው የሚባል በሥራ ዘመኑ ገጥሞት እንደማያውቅ ማለ። ልጄ እስከ አንገቷ ጠፍታ ዓይኖቿ ብቻ ያዩኛል።

"ሰው ማለት" አልኩት፣ "ሲዘገይ ደጅ ደጁን የሚያዩለት ነው።"

አህያው ጆሮውን አቀና። አፉን ሊከፍት ሲል ነቃሁ።

ነግቷል። ልጅቷ ከነእግሯ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ትስቃለች። ስሕተት እያለ ሲያስለቅሳት የሰነበተው፣ ለእድራችን የምትጽፈው ፕሮግራም ሠርቶላታል። ተመስገን ብዬ፣ ችግሩ ምን ኖሯል አልኳት።

"እርስዎ ነዎት፣ እማማ። ለሙከራ ስምዎን ከታች ጽፌ፣ ማን እንደ ሆኑ ከላይ አላሳወቅሁትም ነበር።"

"ታዲያ አሳወቅሽልኝ?"

"ምን አደከመኝ፤ ሰረዝኩዎት።"